የላም ወተት የሚጠብቀው ማንን ነው?



ስለ ወተት ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ስለ ምግብነቱ ነው። ዛሬ እኔ የማነሣው ሌላውን ሥራውን ነው። በላም ወተት ውስጥ በሽታን የሚከላከሉ ፕሮቲኖች በተፈጥሮ አሉ። ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን በሦስቱ ላይ እቆያለሁ፦ ፀረ እንግዳ አካላት የምንላቸው ኢሚውኖግሎቡሊኖች፣ ላክቶፈሪን እና ላክቶፐርኦክሲዴዝ። እነዚህ ፕሮቲኖች ማንን ለመጠበቅ እንደተሠሩ ካላወቅን፣ ሊያድኑት ከሚችሉት ፍጡር እንነፍጋቸዋለን፤ ከአቅማቸው በላይ የሆነውን ደግሞ እንጠብቅባቸዋለን። በእኔ እምነት በአገራችን ሁለቱም ጥፋቶች በየቀኑ ይፈጸማሉ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከጥጃው ልጀምር። ሴት ስታረግዝ ፀረ እንግዳ አካላቷ በእንግዴ ልጅ በኩል አልፈው ወደ ፅንሱ ደም ይገባሉ። ስለዚህ ሕፃን ሲወለድ እናቱ ታማ ከዳነችባቸውና ከተከተበችባቸው በሽታዎች የሚጠብቀውን ስንቅ በደሙ ይዞ ነው የሚመጣው። ላም ላይ እንዲህ አይሆንም። የላም እንግዴ ልጅ የእናቲቱን ደምና የፅንሱን ደም የሚለያየው በብዙ የሕዋስ ሽፋን ስለሆነ ትልልቆቹ ፀረ እንግዳ አካላት ማለፊያ አያገኙም። ጥጃ የሚወለደው በደሙ ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል የለም በሚባል ደረጃ ነው። ሲወለድ የሚወድቀው ደግሞ እበትና ሽንት ባለበት በረት ውስጥ ነው። እናቲቱ ይህን ጉድለት የምትሞላው በእንገሯ ነው።

ይህን ለማወቅ ጊዜ ወስዷል። በ1892 ጀርመናዊው ሐኪም ፓውል ኤርሊክ እናት አይጦችን ጥቂት በጥቂት መርዝ እያበላ መርዙን እንዲቋቋሙ አደረገ። ከዚያም ግልገሎችን አለዋወጠ። መርዙን ከማትቋቋም እናት የተወለዱት ግልገሎች ከምትቋቋመዋ ሲጠቡ እነሱም መቋቋም ቻሉ። መከላከያ በወተት እንደሚተላለፍ በዚህ ታወቀ። በላም ላይ ማስረጃውን ያመጡት ደግሞ በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ግዛት፣ በፕሪንስተን በነበረው የሮክፌለር ተቋም ክፍል ይሠሩ የነበሩት ቲዎባልድ ስሚዝና ራልፍ ሊትል ናቸው። በ1922 ባሳተሙት ጥናት አዲስ ከተወለዱ ጥጆች ገሚሶቹ እንገር እንዲጠቡ፣ ገሚሶቹ እንዲከለከሉ አደረጉ። የጠቡት አደጉ። ከተከለከሉት አብዛኞቹ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሞቱ። አስከሬናቸው ሲመረመር አንጀት ውስጥ መቅረት የነበረበት ባክቴሪያ በሌሎች የሰውነት ክፍሎቻቸው ተሰራጭቶ ተገኘ። የስሚዝን ስም አደራ ያዙልኝ፤ በሌላ ጉዳይ እመለስበታለሁ።

እንገሩ ውስጥ ምን አለ? ጥሩ እንገር በሊትር 50 ግራምና ከዚያ በላይ ኢሚውኖግሎቡሊን ይይዛል፤ አንዳንዴ ከ100 ግራም ያልፋል። የዘወትሩ ወተት ግን በሊትር አንድ ግራም እንኳ አይሞላውም። ይህ ክምችት የሚዘጋጀው ላሟ ከመውለዷ በፊት ባሉት የመጨረሻ ሳምንታት ነው። ግቷ በደሟ ውስጥ ካሉት ፀረ እንግዳ አካላት በተለይ አንዱን ዓይነት እየመረጠ ወደ ራሱ ይስባል፤ በዚያ ሰሞን የላሟ ደም ሲለካ ያ ዓይነት ቀንሶ ይገኛል። እናት ካላት ላይ ቀንሳ ነው ለልጇ የምታስቀምጠው። እርጉዝ ላም ለመውለድ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ሲቀራት የምትከተበውም ለዚሁ ነው። ክትባቱ ለእሷ ብቻ አይደለም፤ በእንገሯ በኩል ጥጃውን ከተቅማጥ እንዲጠብቀው ታስቦ ነው።

የጥጃው አንጀትም ለዚህ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። እንደተወለደ ትልልቅ ፕሮቲኖችን ሳይቆራርጥ እንዳሉ ወደ ደም ያሳልፋል። እንገሩ ውስጥ ደግሞ የምግብ መፍጫውን ኢንዛይም የሚገታ ንጥረ ነገር ስላለ ፀረ እንግዳ አካላቱ መንገድ ላይ አይፈራርሱም። ይህ ዕድል ግን የሰዓታት ነው። ጥጃው ከተወለደ ከጥቂት ሰዓታት ጀምሮ አንጀቱ የማሳለፍ አቅሙ እየደከመ ይሄዳል፤ አንድ ቀን ሲሞላው ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ የፈለገውን ያህል እንገር ቢጠባ ወደ ደሙ የሚገባ ነገር የለም። ደግሞም አንጀቱ በተከፈተበት በዚያ ሰዓት የሚያልፈው ፀረ እንግዳ አካል ብቻ አይደለም፤ ባክቴሪያም ያልፋል። እበት የነካው ጡት መጀመሪያ አፉ ከገባ፣ ጥጃው የተቀበለው በሽታውን ቀድሞ፣ መከላከያውን ዘግይቶ ነው።

በእንስሳት ሐኪምነት በየበረቱ ስዞር አንጀቴን ከሚያቃጥሉኝ ነገሮች የመጀመሪያው ይህ ነው። አንዳንድ ቤት እንግዴ ልጁ ካልወደቀ ጥጃው መጥባት የለበትም ይባላል። እንግዴ ልጁ ለመውደቅ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል፤ ጥጃው ያን ጊዜ ሁሉ ጥግ ተኝቶ ይጠብቃል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ጥጃው ሲጠባ በላሟ ሰውነት የሚለቀቀው ኦክሲቶሲን ማሕፀኗ እንዲኮማተር ያደርጋል። ሌላ ቤት ደግሞ እንገር ጥጃውን ያስቀምጠዋል ተብሎ አብዛኛው መሬት ላይ ይታለባል። በሳምንቱ ጥጃው በእርግጥም ሲያስቀምጠው «ይኸው ብለን ነበር» ይባላል። ያስቀመጠው ግን የጠባው እንገር ሳይሆን ያልጠባው ነው።

ልኩ እንዲህ ነው። ጥጃው በተወለደ በሁለት ሰዓት፣ ቢዘገይ በአራት ሰዓት ውስጥ፣ ከክብደቱ አንድ አሥረኛ የሚሆን እንገር ያስፈልገዋል። 25 ኪሎ ለሚመዝን የሐበሻ ጥጃ ሁለት ሊትር ተኩል፣ 35 ኪሎ ለሚመዝን ዲቃላ ሦስት ሊትር ተኩል ማለት ነው። መጥባት ካቃተው በጡጦ ይሰጠዋል። እንገሩም ከመጀመሪያው እልቢያ መሆን አለበት፤ በሁለተኛው እልቢያ የፀረ እንግዳ አካሉ መጠን በብዙ ይወርዳል፤ ላሟ ከወለደች በኋላ ሳትታለብ በቆየች ቁጥርም እየሳሳ ይሄዳል።

የእንገርን ጥራት በዓይን መገመት ያሳስታል። አንድ ጊዜ የሁለት ላሞች ባለቤት የሆኑ እናት ቤት ሄድኩ። ሁለቱ ላሞች በአንድ ሌሊት ወልደዋል። ዲቃላዋ ባልዲ ሙሉ ሰጥታለች፤ የሐበሻዋ አንድ ጣሳ እንኳ አልሞላችም። እናት «ዶክተር፣ የዚችኛዋ ጥጃ አዘነኝ፤ ከዲቃላዋ ላካፍለው» አሉኝ። በከረጢቴ የያዝኩትን ብሪክስ የሚባለውን ትንሽ መለኪያ አወጣሁ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ አንድ ጠብታ እንገር መስተዋቱ ላይ ይደረጋል፣ ክዳኑ ይከደናል፣ በመስኮት ወደ ብርሃን ዞሮ በቀዳዳው ይታያል። ሰማያዊውና ነጩ የሚገናኙበት መስመር 22 ላይና ከዚያ በላይ ከሆነ እንገሩ ጥሩ ነው ይባላል። የባልዲው 17 ላይ ቆመ። የጣሳው 27 አለፈ። መለኪያውን ለእናት ሰጠኋቸውና ራሳቸው አዩት፤ ሁለት ጊዜ ደጋግመው አዩት። ከዚያ በኋላ ማካፈሉ በተቃራኒው ሆነ፤ የሐበሻዋ ላም ጥጃዋን ካጠባች በኋላ የተረፈው ለዲቃላዋ ጥጃ ተሰጠ። ብዙ የምትታለብ ላም እንገሯ የሚቀጥነው ያው የፀረ እንግዳ አካል ክምችት በብዙ ፈሳሽ ስለሚበረዝ ነው።

ወደ ሁለተኛው ፕሮቲን ልለፍ። በ1939 በኮፐንሃገን የካርልስበርግ ቤተ ሙከራ የሶረንሰን ባልና ሚስት ከላም ወተት አጓት ውስጥ ቀይ ፕሮቲን አገኙ። ንጹሕ ሆኖ እስኪለይ ድረስ እስከ 1960 ፈጀ። ቀይ ያደረገው የያዘው ብረት ነው፤ ስሙም ላክቶፈሪን ተባለ። አንዱ የላክቶፈሪን ቅንጣት ሁለት የብረት አተሞችን አጥብቆ ይይዛል። ባክቴሪያ ለመባዛት ብረት ያስፈልገዋል፤ ብረቱን ላክቶፈሪን ቀድሞ ሲወስድበት ይራባል። ይህ ብቻ አይደለም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የጃፓን ተመራማሪዎች ላክቶፈሪን በጨጓራ ኢንዛይም ሲቆራረጥ ከውስጡ የሚወጣ አንድ አጭር ቁራጭ የባክቴሪያን ሽፋን በቀጥታ እንደሚያፈርስ አሳዩ። ከሙሉው ፕሮቲን ይልቅ ቁራጩ በርትቶ ተገኘ። እኔን እስከ ዛሬ የሚያስገርመኝ ግኝት ነው፤ መፈጨት ያጠፋዋል ብለን ስናስብ ሌላ መሣሪያ ያወጣል።

ላክቶፈሪን በዘወትሩ የላም ወተት ውስጥ ጥቂት ነው፤ በሊትር ከአንድ ግራም አንድ አሥረኛ ገደማ። ላሟ ስትነጥፍ ግን በግቷ ውስጥ በሚቀረው ፈሳሽ እጅግ ይበዛል። በዚያ ወቅት የማይታለብ ግት ለባክቴሪያ የተመቸ ነው፤ ላክቶፈሪንም የሚሠራው ያን ጊዜ ነው። እዚህ ላይ የሚጠበቀው ጥጃው ሳይሆን ግቱ ራሱ ነው። ግቷ ሲያብጥና ወተቷ ሲቋጠርም መጠኑ ከፍ ይላል።

ከብዙ ሺህ ሊትር ወተትና አጓት ላክቶፈሪንን ለይተው የሚያወጡ ፋብሪካዎች አሉ። ተስፋው ሲጀመር ትልቅ ነበር። በ2009 በጣሊያን የተመራ ጥናት ክብደታቸው እጅግ አነስተኛ ሆኖ በተወለዱ 472 ሕፃናት ላይ ተደርጎ የላም ላክቶፈሪን ከተሰጣቸው 5.9 በመቶው ብቻ፣ ካልተሰጣቸው ግን 17.3 በመቶው በደም ኢንፌክሽን እንደተያዙ አሳየ። በ2019 ደግሞ በእንግሊዝ ከ2,200 በሚበልጡ ያለጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ የተደረገው ትልቅ ሙከራ ውጤት ወጣ፤ 29 በመቶ ከ31 በመቶ፤ ልዩነት የለም የሚያሰኝ ነው። ሁለቱም ጥናቶች የተሠሩት በጥንቃቄ ነው። ትልቁን ማመን እንዳለብን ይሰማኛል፤ ስለዚህ ላክቶፈሪን የተጨመረበት ነው ተብሎ በውድ ዋጋ የሚሸጥ ዱቄት ሲቀርብላችሁ ይህን አስታውሱ።

እዚህ ላይ ስለ ሰው ወተት አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የእናት ወተት ላክቶፈሪን ከላም ወተት አሥር እጥፍና ከዚያ በላይ ነው። በላም ወተት ውስጥ የለም የሚያሰኘው ላይሶዛይም የተባለው ባክቴሪያ ገዳይ ኢንዛይም በእናት ወተት ውስጥ ሞልቷል። የእናት ፀረ እንግዳ አካልም ዓይነቱ ሌላ ነው፤ ወደ ደም ከመግባት ይልቅ የሕፃኑን አንጀት ገጽ ይሸፍናል። ሕፃኑ በደም የሚያስፈልገውን በእንግዴ ልጅ በኩል ተቀብሎ ስለመጣ የቀረው አንጀቱ ነው። ይህ ሆኖ ሳለ ዛሬም በብዙ አካባቢ የእናት እንገር ቆሻሻ ነው ተብሎ ታልቦ ይደፋል፤ ጨቅላው ቅቤ ይልሳል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቤቱ እየዞሩ በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ጡት ይያዝ የሚሉት ለዚህ ነው። በዚህ ጉዳይ የእኛ የእንስሳት ሐኪሞችና የእነሱ ምክር አንድ ነው።

ሦስተኛው ላክቶፐርኦክሲዴዝ ነው። ኢንዛይም ነው፤ በላም ወተት ውስጥ በሊትር 30 ሚሊግራም ገደማ ይገኛል፤ ብቻውን ግን አይሠራም። ታዮሲያኔትና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያስፈልጉታል። ታዮሲያኔቱ ላሟ ከምትበላው፣ በተለይ ከጎመን ዘሮች፣ ወደ ወተቷ ይመጣል። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይዱን አንዳንድ ባክቴሪያዎች ራሳቸው ያመነጩታል። ኢንዛይሙ ሁለቱን ሲያገናኛቸው ዕድሜው አጭር የሆነ፣ የባክቴሪያን የኃይል ማመንጫ ፕሮቲኖች የሚያሰናክል ውሁድ ይፈጠራል። አንዳንዱ ባክቴሪያ ይሞታል፤ አብዛኛው ለጊዜው መባዛቱን ያቆማል። ወተት እንደታለበ ወዲያው የማይበላሸው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ኃይል በተፈጥሮው ግን ለጥቂት ሰዓት ብቻ ይቆያል፤ የሚያልቀው ኢንዛይሙ ሳይሆን ሁለቱ ግብዓቶች ናቸው።

ተመራማሪዎች ግብዓቶቹን ብንጨምርስ ብለው ጠየቁ። ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ አውጪ አካል በ1991 መመሪያውን አወጣ። ወተቱ በታለበ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ውስጥ በሊትር 14 ሚሊግራም ሶዲየም ታዮሲያኔት ይጨመራል፤ ይማሰላል፤ ከዚያ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይዱን የሚያስገኝ 30 ሚሊግራም ሶዲየም ፐርካርቦኔት ይጨመራል። በ30 ዲግሪ ሙቀት ወተቱ ከ7 እስከ 8 ሰዓት ይቆያል። በ20 ዲግሪ ከ16 እስከ 17 ሰዓት። በ15 ዲግሪ ከ24 እስከ 26 ሰዓት።

እነዚህን የመጨረሻዎቹን ቁጥሮች ለሰላሌና ለደብረ ብርሃን አርሶ አደር አስቡልኝ። የጠዋቱን ወተት ሰብሳቢው ይወስደዋል። የማታው ግን መብራትም ማቀዝቀዣም በሌለበት ቤት ያድራል፤ ጠዋት በአልኮል ሲፈተሽ ይረጋና ይመለሳል። ባለቤቲቱ ወደ መናጫ ትገለብጠዋለች፤ ቅቤ ታወጣበታለች እንጂ የወተት ዋጋ አታገኝበትም። በደጋው ሌሊት ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ በታች ይወርዳል። የወተቱን የራሱን ኢንዛይም በጥቂት ዱቄት ብናግዘው የማታው ወተት ጠዋት ድረስ በደኅና ያድራል። ማቀዝቀዣ ከተገኘ ማቀዝቀዣው ይመረጣል፤ እስኪገኝ ግን ይህ ዘዴ ከሚገባው በታች እየተሠራበት ነው ብዬ በጽኑ አምናለሁ። ሁለት ጥንቃቄዎች አሉት። ታዮሲያኔት ሲበዛ ሰውነት አዮዲን እንዳይጠቀም ይሻማል፤ እንቅርት በሚታይበት ደጋ ይህ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ መጠኑን የሚለካው በማሰባሰቢያ ጣቢያ የሠለጠነ ሰው እንጂ እያንዳንዱ ቤት መሆን የለበትም። ደግሞም ዘዴው ንጹሑን ወተት ያቆያል እንጂ የቆሸሸውን አያነጻም።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ደረስኩ። «ወተት እነዚህ ሁሉ መከላከያዎች ካሉት፣ ጥሬውን መጠጣት አይሻልም ወይ?» የሚል ጥያቄ በየደረስኩበት ይቀርብልኛል። መልሴ አይሻልም ነው። የስሚዝን ስም ያዙልኝ ብዬ ነበር። የእንገርን ነገር ያረጋገጠው ይኸው ቲዎባልድ ስሚዝ ቀደም ብሎ በ1898 የላም ነቀርሳ ባክቴሪያና የሰው ነቀርሳ ባክቴሪያ የተለያዩ መሆናቸውን ያሳየ ሰው ነው። በ1901 ታላቁ የባክቴሪያ ተመራማሪ ሮበርት ኮኽ ለንደን ላይ የላም ነቀርሳ ለሰው የሚያሰጋ አይደለም ብሎ ተናገረ። የእንግሊዝ መንግሥት ወዲያው ያቋቋመው ኮሚሽን አሥር ዓመት መርምሮ ያሰጋል፣ በወተትም ወደ ሕፃናት ይተላለፋል ሲል ደመደመ። በእኛም አገር በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ የዲቃላ ላም በረቶች የላም ነቀርሳ በስፋት እንዳለ በጥናት ተረጋግጧል። ላሟን የሚያስወርዳት ብሩሴሎሲስም አለ። ፀረ እንግዳ አካሉም፣ ላክቶፈሪኑም፣ ላክቶፐርኦክሲዴዙም በወተቱ ውስጥ እያሉ እነዚህ ባክቴሪያዎች አብረው ይኖራሉ። የወተቱ መከላከያዎች በተወለደ ሰዓት ጥጃውን፣ በየዕለቱ ግቱን ለመጠበቅ ተሠሩ እንጂ ብርጭቆ ይዞ የቀረበውን ሰው ለመጠበቅ አልተሠሩም። የሰው ሕፃን አንጀትም ሆነ የአዋቂ ሰው አንጀት እንደ ጥጃው አንጀት የላምን ፀረ እንግዳ አካል ወደ ደሙ አያሳልፍም።

በእርግጥ የላምን ፀረ እንግዳ አካል ሆን ብሎ ለሰው አንጀት ማዘጋጀት ይቻላል። በ1988 በአሜሪካ የተደረገ ሙከራ ነበር። ተቅማጥ በሚያስከትል የኢ. ኮላይ ዓይነት ላሞች ተከተቡ፤ ከወተታቸው የተሰበሰበውን ፀረ እንግዳ አካል ከጠጡት 10 ፈቃደኞች ባክቴሪያው ሲሰጣቸው አንድም አልታመመም፤ ካልጠጡት 10 ግን ዘጠኙ ታመሙ። ያ ግን ለተለየ በሽታ በተከተበች ላም፣ በተከማቸ መጠን፣ በቤተ ሙከራ የተዘጋጀ ነው። ከጎረቤት በጣሳ ተቀድቶ የሚመጣ ጥሬ ወተት ይህን አይሠራም።

ማፍላት መከላከያዎቹን አያጠፋም ወይ ለምትሉ፣ አዎ፣ ያጠፋል። ፋብሪካ በ72 ዲግሪ ለ15 ሴኮንድ ሲያሞቀው አብዛኛው ፀረ እንግዳ አካልና ላክቶፐርኦክሲዴዙ ይተርፋሉ፤ ምድጃ ላይ ገንፍሎ ሲፈላ ግን ያልቃሉ። የሚጎድልብን ምግብ የለም። ፕሮቲኑም ካልሲየሙም ይቀራል። ነቀርሳውና ብሩሴላው ይሞታሉ።

ችግሩ ያለው ጥጃው ጋ ነው። እንገሩ ከፈላ አይጠቅመውም፤ ጥሬው እንገር ግን የታመመች ላም ከሆነ በሽታም ሊያቀብለው ይችላል። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ በልኩ ማሞቅ ነው። እንገሩ ውኃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ሆኖ በ60 ዲግሪ ለ60 ደቂቃ ሲቆይ ሳልሞኔላንና ሊስቴሪያን የመሳሰሉት ይሞታሉ፤ ፀረ እንግዳ አካሉ ግን ከሞላ ጎደል እንዳለ ይተርፋል። የተረፈ ጥሩ እንገር ካላችሁ በሁለት ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ፍሪዘር ውስጥ እስከ አንድ ዓመት ይቀመጣል። ሲፈለግ ለብ ባለ ውኃ፣ ከ50 ዲግሪ ባልበለጠ፣ ቀስ ብሎ ይቀልጣል። ቴርሞሜትር ይኑራችሁ፤ በእጅ አይገመትም። ከ60 ብዙም ሳያልፍ እንገሩ መወፈር ይጀምራል፣ ከዚያም ይረጋል፤ የረጋው ውስጥ ጥጃው የሚፈልገው ፕሮቲን ሥራውን መሥራት አይችልም።